ቺፑን ከቦርዱ ሳይነቅሉ

እስቲ ዛሬ ከዕለቱ ወሬ ትንሽ ወጣ እንበል። ወጣ እንበል ስል ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። "ዲጂታል ሉዓላዊነት" የሚባለው ቃል በየስብሰባው ሲነሳ እየሰማን ነው። ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከዳታ ማዕከልና ከማኅበራዊ ሚዲያ ጋር ተያይዞ ነው። እኔ ላወራችሁ የፈለግኩት ከዚያ በጣም ስለሚያንስ፣ የጥፍር ያህል ስለሆነ ነገር ነው፦ ማይክሮኮንትሮለር ስለሚባለው ቺፕ።

ቤታችሁ ውስጥ ስንት ኮምፒዩተር አለ ብትባሉ አንድ ወይም ሁለት ትላላችሁ። በካርድ ቆጣሪው ውስጥ ግን አንድ አለ። በልብስ ማጠቢያው፣ በማይክሮዌቩ፣ በቴሌቪዥኑ ሪሞት ውስጥም አለ። መኪና ያለው ሰው ደግሞ አሥሮችን ይዞ ነው የሚዞረው። እነዚህ ቺፖች አንድ ሥራ ብቻ እንዲሠሩ የተሰጣቸውን ትእዛዝ ቀንና ሌሊት የሚደጋግሙ ትንንሽ ኮምፒዩተሮች ናቸው። ትእዛዙን ሰው ጽፎታል፤ በሆነ መሣሪያና በሆነ ሶፍትዌር አማካይነት ወደ ቺፑ ገብቷል። ነገ ስህተት ቢገኝበት ማን ይቀይረዋል? የሚቀይርበት ሶፍትዌር የማን ነው? ዋጋውስ ስንት ነው? አምራቹ ኩባንያ ቢሸጥ ወይም ሐሳቡን ቢቀይርስ? ጥያቄዎቹ የመሐንዲስ ጥያቄ ይመስላሉ እንጂ ታሪካቸውን ስትከተሉት የሚያደርሳችሁ ገበያና ሥልጣን ዘንድ ነው።

(ዓመተ ምሕረቶቹ ካልገለጽኩ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ደግሞ "ፕሮግራመር" ስል አንዳንድ ጊዜ ሰውየውን ሳይሆን ፕሮግራሙን ወደ ቺፑ የሚያስገባውን እቃ ማለቴ ነው፤ የሙያው ሰዎች እንዲህ ነው የሚጠሩት።)

መስኮት የነበረው ቺፕ

ታሪኩ ከአንድ ስደተኛ ልጅ ይጀምራል። ዶቭ ፍሮህማን በ1939 አምስተርዳም ውስጥ ተወለዱ። ወላጆቻቸው በናዚዎች እጅ ሲጠፉ እርሳቸውን አንድ የሆላንድ ክርስቲያን ቤተሰብ ደብቆ አሳደጋቸው። ከጦርነቱ በኋላ ወደ እስራኤል ሄዱ፣ ተማሩ፣ ከዚያም አሜሪካ ገብተው ገና ጀማሪ በነበረው ኢንቴል ተቀጠሩ። እዚያ ሥራቸው የአንድ ሜሞሪ ብልሽት መንስኤ መፈለግ ነበር። ችግሩን ሲመረምሩ ከምንም ጋር ያልተገናኘ፣ "ተንሳፋፊ" የሆነ ጥቃቅን የሲሊኮን በር ኤሌክትሪክ ይዞ እንደሚቀር ተገነዘቡ። ሌላው ብልሽቱን ጠግኖ ባለፈው ነበር። እርሳቸው ግን ይህ የሚቀረው ኤሌክትሪክ መረጃ ማስቀመጫ ሊሆን አይችልም ወይ ብለው ጠየቁ። በ1971 ኢፕሮም የተባለው ሜሞሪ ተወለደ፤ መብራት ቢጠፋም የተጻፈበትን አይረሳም፣ ሲፈለግ ደግሞ ተሰርዞ እንደገና ይጻፍበታል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የማያውቁት ነገር አለ። ፍሮህማን ይህን ፈጠራ ካስመዘገቡ በኋላ ሀብትና ዝና ከሚጠብቃቸው ቦታ ተነስተው ጋና፣ ኩማሲ ሄደው ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። ኋላ ነው ወደ እስራኤል ተመልሰው በ1974 ሃይፋ ላይ የኢንቴልን ማዕከል ያቋቋሙት። የዛሬው ፍላሽ ዲስካችሁ አያት የሆነውን ነገር የፈጠረው ሰው ለአፍሪካ ተማሪዎች ኤሌክትሪካል ምህንድስና ያስተምር ነበር ማለት ነው።

ወደ ቺፑ እንመለስ። ኢንቴል በ1976 ባወጣው የ8048 ቤተሰብ፣ ኋላም በ1980 በመጣው በዝነኛው 8051 ቤተሰብ ውስጥ ኢፕሮም ያላቸው ዓይነቶች ነበሩ። ከላያቸው ክብ የመስተዋት መስኮት አላቸው። የተጻፈባቸውን ለመሰረዝ ቺፑን ከቦርዱ ነቅሎ፣ የአልትራቫዮሌት መብራት ባለበት ሳጥን ውስጥ አስገብቶ እስከ 20 ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል። ከዚያ ወደ ፕሮግራመሩ ይወሰዳል፣ ይጻፍበታል፣ ወደ ቦርዱ ይመለሳል፣ ይሞከራል። አልሠራም? ድጋሚ ይነቀላል። ፀሐይ ገብታበት እንዳይሰረዝ መስኮቱ ላይ ወረቀት ይለጠፋል። እግሮቹ ከመነቃቀል ብዛት ይጣመማሉ፣ ይሰበራሉ። ገንዘብ ያለው ድርጅት ይህን ሁሉ ለመሸሽ የቺፑን ሥራ ተክቶ የሚሠራ ኢሙሌተር ይገዛል፤ ዋጋው በሺዎች ዶላር ነበር።

በዚያ ዘመን የሶፍትዌር ምርጫ የሚባል ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል። የገዛኸው ፕሮግራመር ከራሱ ሶፍትዌር ጋር ይመጣል፣ በእርሱ ትሠራለህ፣ አበቃ። ተማሪም ሆነ በራሱ ገንዘብ የሚሞክር ሰው ከበሩ ውጭ ነበር።

1993

ለውጡ የመጣው በኤሌክትሪክ ብቻ የሚሰረዝ ሜሞሪ ወደ ማይክሮኮንትሮለር ሲገባ ነው። መብራት የለም፣ መስኮት የለም፣ ሳጥን የለም። ማይክሮቺፕ የተባለው የአሪዞና ኩባንያ በ1993 ፒክ16ሲ84 የሚባል ቺፕ አወጣ። አዲስነቱ ሜሞሪው ላይ ብቻ አልነበረም። ፕሮግራሙ የሚገባው በሁለት ሽቦ ነው፤ አንዱ የሰዓት ምት፣ አንዱ ዳታ። በተጨማሪ አንዱን እግር ወደ 13 ቮልት ከፍ ማድረግ፣ ኃይልና ግራውንድ መስጠት ብቻ ነው። ቺፑ በቦርዱ ላይ በብየዳ እንደተጣበቀ ይጻፍበታል።

ሁለት ሽቦ ብቻ ከሆነ ደግሞ ውድ ፕሮግራመር ለምን ያስፈልጋል? የኮምፒዩተሩ የፕሪንተር ፖርት ራሱ በርካታ ሽቦዎች አሉት፤ ሶፍትዌር እያንዳንዱን ከፍና ዝቅ ሊያደርግ ይችላል። በጥቂት ሪዚስተርና በአንድ ሁለት ርካሽ እቃ የተሠሩ ፕሮግራመሮች በመላው ዓለም ተበተኑ። ሥዕሉ ከሰው ሰው ይተላለፋል፣ ሶፍትዌሩን አንዱ ይጽፈዋል፣ ሌላው ያርመዋል።

እውነቱን ለመናገር ይህ በር ሲከፈት የገቡት ሁሉ ተማሪዎች አልነበሩም። በአውሮፓ የክፍያ ቴሌቪዥን ካርዶችን አስመስለው የሚሠሩ ሰዎች ይህንኑ ቺፕና ተተኪውን በብዛት ተጠቅመዋል። ኩባንያዎች ዛሬም ቺፕ ለመቆለፍ ሲከራከሩ የሚጠቅሱት እንዲህ ያለውን ነው። ክርክራቸው ባዶ አይደለም።

ሁለቱ የኖርዌይ ተማሪዎች

በዚያው ዘመን ትሮንድሃይም፣ ኖርዌይ ውስጥ አልፍ-ኢጊል ቦገንና ቬጋርድ ቮላን የሚባሉ ሁለት ተማሪዎች አዲስ የማይክሮኮንትሮለር ንድፍ ላይ ይሠሩ ነበር። ንድፋቸውን ይዘው የሄዱት አትሜል ወደተባለ የካሊፎርኒያ ኩባንያ ነው። አትሜልን በ1984 ያቋቋሙት ጆርጅ ፔርሌጎስ ግሪክ የተወለዱ መሐንዲስ ናቸው፤ በኢንቴል ሳሉ በኤሌክትሪክ የሚሰረዘውን ሜሞሪ ከሠሩት ዋነኞቹ አንዱ ነበሩ። አትሜል ጥሩ ፍላሽ ሜሞሪ ነበረው፤ ልጆቹ ጥሩ ንድፍ ነበራቸው። ጋብቻው በ1997 ኤቪአር የተባለውን ቤተሰብ ወለደ። የመጀመሪያው ኤቲ90ኤስ1200 ይባላል። የፕሮግራም ቦታው 1 ኪሎባይት ብቻ ነው፤ ይህ ጽሑፍ እንኳ አይገባበትም።

ኤቪአር ያመጣው ትልቁ ነገር ከፍ ያለ ቮልት ሳይፈልግ፣ በሚሠራበት ኃይል ብቻ፣ በቦርዱ ላይ እንዳለ መጻፍ መቻሉ ነው። ለዚህ የሚያገለግለው ሶኬት ስድስት እግር አለው። አንዱ ዳታ ያስገባል፣ አንዱ ዳታ ያወጣል፣ አንዱ የሰዓት ምት ይሰጣል፣ አንዱ ሪሴት ነው፣ የቀሩት ሁለቱ ኃይልና ግራውንድ ናቸው። አሠራሩ ቀላል ነው። ሪሴቱ ወደ ታች ተይዞ ሲቆይ ቺፑ የራሱን ፕሮግራም ማስኬድ ያቆማል። በዚያ ሰዓት አራት አራት ባይት የሆኑ ትእዛዞች ይላኩለታል። የመጀመሪያው ትእዛዝ "ልጽፍብህ ነው" የሚል ነው፤ ቺፑ ሰምቶ ከሆነ ከትእዛዙ አንዱን ባይት መልሶ ይልካል። ቀጥሎ ማን እንደሆነ ይጠየቃል፤ በሦስት ባይት መለያ ይመልሳል። ከዚያ መሰረዝ፣ መጻፍ፣ ተመልሶ ማንበብና ማመሳከር። ሪሴቱ ሲለቀቅ አዲሱ ፕሮግራም ይጀምራል። የመጀመሪያዎቹ ቺፖች ለ1,000 ጊዜ፣ ኋላ የመጡት ለ10,000 ጊዜ ያህል እንዲህ መጻፍ ይችላሉ።

እንግዲህ የሶፍትዌር ምርጫ የሚባለው ነገር የሚጀምረው እዚህ ነው።

አትሜል የራሱን ሶፍትዌር ኤቪአር ስቱዲዮን በነፃ ይሰጥ ነበር። ነፃ ነው፤ ግን በዊንዶውስ ላይ ብቻ ይሠራል፣ ውስጡም ዝግ ነው። በሲ ቋንቋ ለመጻፍ የሚያስችለው ምርጡ ኮምፓይለር የስዊድኑ አይኤአር ነበር፤ እርሱ ደግሞ በገንዘብ ነው፣ ገንዘቡም ቀላል አይደለም። በሌላ ወገን ጂሲሲ የተባለው ክፍት ኮምፓይለር በበጎ ፈቃደኞች ወደ ኤቪአር ተስፋፋ። ፕሮግራሙን ወደ ቺፑ ለማስገባት የጣሊያኑ ክላውዲዮ ላንኮኔሊ ፖኒፕሮግን ሠሩ፤ መስኮትና ቁልፎች ያሉት፣ ለዓይን የሚመች ነው። ለሊኑክስ ሰዎች ዩአይኤስፒ ነበረ።

ብራያን ዲን የሚባሉ አሜሪካዊ ደግሞ ፍሪቢኤስዲ በተባለው ሥርዓት ላይ ለራሳቸው ጥቅም አንድ ትንሽ ፕሮግራም ጻፉ፤ ስሙን ኤቪአርፕሮግ አሉት። ሌሎች ሰዎች እየፈለጉት ሲመጡ ለሕዝብ ክፍት አደረጉት። አትሜልም በተመሳሳይ ስም የሚጠራ ሶፍትዌር ስለነበረው ስሙን ወደ ኤቪአርዱድ ቀየሩት። በ2003 ለሁሉም ክፍት ሆነ፤ ኋላም ለረጅም ዘመን የጀርመኑ ዮርግ ቩንሽና ሌሎች በጎ ፈቃደኞች ተንከባከቡት።

ኤቪአርዱድ መልክ የለውም። ጥቁር መስኮት ላይ የሚጻፍ ትእዛዝ ብቻ ነው። ታዲያ ለምን አሸነፈ? በእኔ ግምት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ስለ ቺፖቹና ስለ ፕሮግራመሮቹ የሚያውቀውን ሁሉ በፕሮግራሙ ሆድ ውስጥ አልቀበረም። ማንም በጽሑፍ ማረሚያ ከፍቶ ሊያነበው በሚችል አንድ ፋይል ውስጥ ዘረዘረው። አዲስ ቺፕ ወጣ? ዝርዝሩን ከአምራቹ ሰነድ አይቶ በፋይሉ ውስጥ መጨመር ነው፤ ማንንም ማስፈቀድ የለም፣ አዲስ ቅጂ መጠበቅ የለም። ይህን በጣም ትልቅ ውሳኔ አድርጌ ነው የማየው። ሁለተኛው፣ በትእዛዝ የሚሠራ በመሆኑ ሌላ ሶፍትዌር ሊጠራው ይችላል። ያኔ ድክመት የሚመስለው መልክ ማጣቱ ኋላ ዕድሉ ሆነ።

ዶሮዋና እንቁላሉ

የፕሪንተር ፖርት ሞተ። ላፕቶፖች አንድ በአንድ አወጡት፣ ዩኤስቢ ብቻ ቀረ። በጥቂት ሪዚስተር የሚሠራው ርካሽ ፕሮግራመር በአንድ ጊዜ ከንቱ ሆነ። ወደ ዩኤስቢ የሚያገናኝ ገመድ ቢገዛም አያዋጣም፤ ሽቦ በሽቦ ከፍ ዝቅ የማድረጉ ሥራ በዩኤስቢ በኩል እጅግ ያዘግማል።

አትሜል የራሱን የዩኤስቢ ፕሮግራመር ሸጠ። ጀርመናዊው ቶማስ ፊሽል ግን ዩኤስቢኤኤስፒ የተባለውን ንድፍ ከነሶፍትዌሩ ለሁሉም ለቀቁ። ብልሃቱ ይገርማል። ቺፑ ራሱ የኤቪአር ቺፕ ነው፤ ዩኤስቢ የሚያናግር ክፍል የለውም፤ የዩኤስቢን ቋንቋ በሶፍትዌር ብቻ ያስመስላል። የቻይና ፋብሪካዎች ገልብጠው በጥቂት ዶላር ዓለምን አጥለቀለቁት። ራስህ ልሥራው ካልክ ግን አንድ ችግር አለ፦ ይህ ፕሮግራመር እንዲሠራ መጀመሪያ የራሱ ቺፕ ላይ ፕሮግራም መጻፍ አለበት፣ ለዚያ ደግሞ ፕሮግራመር ያስፈልጋል። ሰዎች የጓደኛ እቃ እየተዋሱ ወይም አሮጌ ኮምፒዩተር ከነፕሪንተር ፖርቱ እየፈለጉ ነው ያንን ጉድጓድ የተሻገሩት።

በዊንዶውስ ላይ ሌላ ጣጣ መጣ። የአትሜል ፕሮግራመር በአትሜል ሶፍትዌር እንዲሠራ ጁንጎ የሚባል ድራይቨር ይፈልጋል፤ በኤቪአርዱድ እንዲሠራ ደግሞ ሊብዩኤስቢ የሚባል ሌላ ድራይቨር። አንድ እቃ በአንድ ጊዜ ሁለቱን አያስተናግድም። ስለዚህ ሰው አንዱን መምረጥ ወይም በየሥራው ድራይቨር ሲቀያይር መዋል ነበረበት። ማይክሮሶፍት ደግሞ በ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ ፊርማ የሌለውን ድራይቨር አልቀበልም አለ። ለደኅንነት ጥሩ ነው፤ ግን ፊርማ ገንዘብ ነው፣ በጎ ፈቃደኛ ደግሞ ገንዘብ የለውም። የሶፍትዌሩ ምርጫ ሳይታወቅ የኮምፒዩተሩን ሥርዓት ምርጫ ሆነ። ብዙዎች ሊኑክስን የለመዱት በፍልስፍና ሳይሆን ከዚህ ጣጣ ሲሸሹ ነው።

ኢቭሬያ

ኢቭሬያ የምትባለው የሰሜን ጣሊያን ከተማ የኦሊቬቲ አገር ናት። በየመሥሪያ ቤቱ ይንኳኳ የነበረውን የአማርኛ ታይፕራይተር የሚያስታውሱ አንባቢዎቼ ኦሊቬቲን ያውቁታል። በዚያች ከተማ የነበረ አንድ የንድፍ ተቋም ውስጥ ኤርናንዶ ባራጋን የተባለ ኮሎምቢያዊ ተማሪ በ2003 ዋይሪንግ የሚባል ሥራ ጀመረ፤ ዓላማው ኤሌክትሮኒክስ ያልተማረ ሰው ቺፕ ላይ መጻፍ እንዲችል ነው። ከአማካሪዎቹ አንዱ ማሲሞ ባንዚ ነበሩ። በ2005 ባንዚና ባልደረቦቻቸው ከዋይሪንግ ተነስተው፣ ርካሽ በሆነ የኤቪአር ቺፕ ላይ፣ አርዱይኖን ሠሩ። ስሙ በከተማዋ ከሚገኝ መጠጥ ቤት የተወሰደ ነው፤ መጠጥ ቤቱም የተሰየመው ከሺህ ዓመት በፊት በነበረ ንጉሥ ነው። ባራጋን ድርሻው በሚገባ አልተነገረለትም፤ ኋላ ራሱ ታሪኩን ጽፎ አቀረበ። እኔም ባነበብኩት መጠን ቅሬታው ተገቢ ይመስለኛል።

አርዱይኖ ምርጫውን ሁሉ ደበቀው። ሰማያዊ አረንጓዴ መስኮት፣ አንድ የቀስት ቁልፍ፣ ተጫን፣ ተጻፈ። ቺፑ ውስጥ ቡትሎደር የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ቀድሞ ተቀምጧል፤ በታዋቂው ኡኖ ቦርድ ላይ ከ32 ኪሎባይቱ ግማሽ ኪሎባይቱን ብቻ ይይዛል። እርሱ አዲሱን ፕሮግራም በዩኤስቢ ገመድ ተቀብሎ ራሱ ይጽፈዋል፤ ባለ ስድስት እግሩ ሶኬት ለክፉ ቀን ይቀመጣል። ከቀስቷ ቁልፍ ጀርባ የሚጠራው ሶፍትዌር ማን ይመስላችኋል? መልክ የለውም ያልኩት ኤቪአርዱድ ነው። በዓለም ዙሪያ የሚገኙ፣ በእኛም ዩኒቨርሲቲዎች የመመረቂያ ሥራቸውን በአርዱይኖ የሠሩ ተማሪዎች ስሙን ሳይሰሙ ተጠቅመውበታል። ስሙን የሚያዩት ቦርዱ አልገናኝ ብሎ ቀይ ጽሑፍ ሲወርድባቸው ብቻ ነው። የበጎ ፈቃደኛ ዕጣ እንዲህ ናት፤ ሲሠራ አይታይም፣ ሲበላሽ በስሙ ይጠራል።

ጥቅምት 2014

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ደረስኩ። ብዙ ቦርዶች ዩኤስቢን ወደ ቺፑ ቋንቋ የሚተረጉም ሁለተኛ ቺፕ አላቸው። ከእነዚህ ዝነኛው የግላስጎው ስኮትላንዱ ኤፍቲዲአይ የሚሠራው ነው። ዝነኛ ስለሆነም ተመሳስሎ ይሠራል። በጥቅምት 2014 ኩባንያው በዊንዶውስ አፕዴት በኩል አዲስ ድራይቨር ላከ። ድራይቨሩ የተሰካው ቺፕ ተመሳስሎ የተሠራ መሆኑን ሲያውቅ የመለያ ቁጥሩን ወደ ዜሮ ይቀይረዋል። እያንዳንዱ የዩኤስቢ እቃ በዚህ ቁጥር ነው የሚታወቀው፤ ዜሮ ሲሆን ዊንዶውስ አያውቀውም። ከዚያ በኋላ ወደ ሌላ ዊንዶውስ ኮምፒዩተር ቢወሰድም ያው ነው።

ሁኔታውን አስቡት። ሰውየው ምንም አልነካም። ኮምፒዩተሩ ሌሊት ራሱን አሻሽሎ አደረ። ጠዋት የሚያስተምርበት ቦርድ፣ የሚጠግንበት መሣሪያ ሞቶ አገኘው። ቺፑ ተመሳስሎ የተሠራ ስለመሆኑ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ቦርዱን የሸጠለት ነጋዴም አያውቅም፤ አንዳንዴ ቦርዱን የሠራው ፋብሪካ እንኳ ላያውቅ ይችላል። ቁጣው ከባድ ስለነበር ድራይቨሩ ተመልሶ ተነሳ። በ2016 ደግሞ ሌላ መጣ፤ ይኼኛው አይገድልም፣ ነገር ግን በዳታው ፋንታ እውነተኛ ያልሆነ መሣሪያ መገኘቱን የሚናገር ጽሑፍ ይልካል።

ኩባንያው የደከመበትን ንድፍ የመከላከል መብት የለውም አልልም። አለው። ከሳሽ ሊሆን፣ ድራይቨሩ አላገለግልህም ሊል ይችላል። የሰውን እቃ ገብቶ ማበላሸት ግን ሌላ ነገር ነው። በተለይ ቅጣቱ የወረደው በአመሳሳዩ ላይ አይደለም፤ እርሱ ሸጦ ገንዘቡን በልቷል። የወረደው ርካሹን ከመግዛት ውጭ አማራጭ በሌለው ገዢ ላይ ነው። ይህ ገዢ በአብዛኛው የት እንደሚገኝ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

ከዚያ በኋላ ገበያው ፊቱን አዞረ። ርካሽ ቦርዶች በሌላ የቻይና ቺፕ፣ በሲኤች340፣ ተጥለቀለቁ። ዛሬ ከቻይና የሚመጣ ርካሽ አርዱይኖ የገዛ ተማሪ ቺፖቹን በአጉሊ መነጽር ቢያይ ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው እርሱን ነው።

መቆለፊያው

ቺፑ የራሱ መቆለፊያም አለው። ፊውዝ የሚባሉ ቅንብሮች አሉ፤ ስማቸው ፊውዝ ይሁን እንጂ አይቃጠሉም፣ እንደገና ይጻፋሉ። አንዱን በስህተት ብትቀይር ቺፑ የሌለ የሰዓት ክሪስታል ይጠብቅና መልስ መስጠት ያቆማል። የሪሴት እግሩን የሚያጠፋው ቅንብር ደግሞ ባለ ስድስት እግሩን ሶኬት ጨርሶ ይዘጋዋል፤ ለመክፈት 12 ቮልት የሚሰጥ ሌላ ዓይነት ፕሮግራመር ያስፈልጋል። ጥሩ ሶፍትዌርና መጥፎ ሶፍትዌር የሚለዩት እዚህ ላይ ነው። ኤቪአርዱድ ከመጻፉ በፊት የቺፑን መለያ አንብቦ አንተ ከነገርከው ጋር ያመሳክራል፤ ካልተስማማ በግድ ካላልከው አይቀጥልም።

ሌላው ቅንብር የተጻፈውን ማንም እንዳያነብ የሚከለክለው ነው። ይህ ሲቆለፍ ቺፑን ሙሉ በሙሉ ሰርዞ በአዲስ መጻፍ ይቻላል፣ ያለውን ማውጣት ግን አይቻልም። ሚዛናዊ ውሳኔ ይመስላል። እቃው ያንተ ነው፣ ጽሑፉ የእነርሱ ነው እንደማለት። ነገር ግን አምራቹ የከሰረ የውኃ ፓምፕ መቆጣጠሪያ ወይም የሆስፒታል እቃ ሲበላሽ ባዶ ቺፕ ይዞ ምን ይደረጋል? መንግሥት እንዲህ ያሉ እቃዎችን በጨረታ ሲገዛ ፕሮግራሙና መጻፊያው ሶፍትዌር በማን እጅ እንደሚቀር በውሉ ውስጥ ቢያስገባ ወጪው ምንም ነው፤ ኋላ የሚያድነው ግን ብዙ ነው።

ጌታ ሲቀየር

በ2016 ማይክሮቺፕ የቀድሞ ተቀናቃኙን አትሜልን በ3.56 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። የአትሜል ሶፍትዌር ስም ተቀይሮ ማይክሮቺፕ ስቱዲዮ ሆነ፤ አሁንም በዊንዶውስ ላይ ብቻ ነው። የማይክሮቺፕ የራሱ ኤምፒላብ ኤክስ በሊኑክስና በማክ ላይም ይሠራል፤ ይህ ሊመሰገን ይገባል። ኮምፓይለሩ ግን በነፃው ፈቃድ ኮዱን ሙሉ በሙሉ አያሳጥርም፤ ሙሉ ጉልበቱን የሚሰጠው ለከፈለ ነው።

አዲሶቹ የኤቪአር ቺፖችም በባለ ስድስት እግሩ ሶኬት መጻፋቸው ቀረ። ዩፒዲአይ የሚባል ባለ አንድ ሽቦ መንገድ መጣ። በየቤቱ የተከማቸው የዩኤስቢኤኤስፒ ክምችት ለአዲሶቹ ቺፖች አይሆንም። ኩባንያው አዲስ ፕሮግራመር ይሸጣል። በጎ ፈቃደኞቹ ግን መንገዱን ሲመረምሩት ከተራ የዩኤስቢ ሲሪያል አስማሚ ጋር በአንድ ሪዚስተር ሊሠራ እንደሚችል አዩ። በ2022 የወጣው 7.0 ኤቪአርዱድ ይህን መንገድ አካቶ መጣ። ከፕሪንተር ፖርቱ ዘመን ጋር ስታነጻጽሩት አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ ውድ እቃ ይሸጣል፣ ጥቂት ሰዎች ደግሞ በሪዚስተር ይተኩታል።

አዲሱ ዝንባሌ ደግሞ ሁሉን ወደ ኢንተርኔት ማዛወር ነው። ኮዱን በብራውዘር ጻፍ፣ ሩቅ ያለ ሰርቨር ያዘጋጅልሃል፣ አንተ ገመዱን ብቻ ሰካ። ለብዙ አገር ተማሪ ምቹ ነው። ለእኛ ግን በ2012 ዓ.ም. ክረምት (በኛው አቆጣጠር) ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ተዘግቶ እንደነበር፣ ከዚያም በኋላ በትግራይና በአማራ ክልሎች ከዚያ ለረዘመ ጊዜ እንደተቋረጠ ማስታወስ ግድ ነው። በዚያ ጊዜ በብራውዘር ውስጥ ያለ ኮምፓይለር የለም ማለት ነው። ላቦራቶሪ የሚያደራጅ መምህር ካላችሁ የማቀርብለት ምክር አጭር ነው፦ ተማሪው በፍላሽ ዲስክ ቀድቶ ቤቱ ሊወስደው፣ መስመር በሌለበት ሊያስኬደው፣ በውጭ ምንዛሪ ፈቃድ ሳይታደስ ሊጠቀምበት የሚችለውን ሶፍትዌር መጀመሪያ ያስተምር። የኩባንያው ሶፍትዌር ስህተት ለማደን በጣም የተሻለ ስለሆነ ቀጥሎ ይምጣ። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ነው ተመራቂው አንድ ኩባንያ በከፈተለት በር ብቻ መግባት የለመደ ሆኖ የሚወጣው።

አርዱይኖም ራሱ ጌታ ሊቀይር ነው። የአሜሪካው ኳልኮም ሊገዛው መስማማቱ በጥቅምት 2025 ተነግሯል። አንዳንዶች ደንግጠዋል፣ አንዳንዶች ገንዘብ ይገባል ብለው ደስ ብሏቸዋል። ከቀስቷ ቁልፍ ጀርባ ያለው ኤቪአርዱድ ግን በዚህ ሽያጭ ውስጥ የለም። ኮዱ ማንም ወስዶ ሊያሻሽለው በሚችልበት ክፍት ፈቃድ ሥር ነው። ያንን ረጅም የቺፖች ዝርዝር ፋይል ዛሬ አውርዶ የሚከፍት ሰው፣ በሺዎች ከሚቆጠሩ መስመሮች መካከል፣ አምራቹ መሥራት ካቆመ ብዙ ዓመት የሆነውን ያን ባለ 1 ኪሎባይት ኤቲ90ኤስ1200 ከነሙሉ ዝርዝሩ እዚያው ያገኘዋል።